ፒካፓችን ህቅ ስትል

ጭድና ቤንዚን አንድ ላይ ሲሸቱኝ ሳላስበው ፉሪ ወደነበረው ግቢያችን እመለሳለሁ። እናቴ ድንችና ጎመን ጭና ገበያ የምታደርስባት አሮጌ ፒካፕ የምታድረው ከጭድ ክምሩ ጎን በተቀለሰች ዳስ ውስጥ ነበር። በመንደሩ ሴት ሹፌር እሷ ብቻ ነበረችና፣ ልጆች ከኋላ እየሮጡ «የአልማዝ መኪና!» ሲሉ፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር፤ ጉራዬ ለጉድ ነው።

ክረምት ሲገባ መንገዳችን ጭቃ ስለሚሆን ፒካፗ እስከ መስከረም ትቆም ነበር። አባቴ ከመጠን በላይ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የሚሠራበት ፋብሪካ አንዴ እሳት ተነስቶ ስላየ፣ «ጭድ ጎን ቤንዚን አይከርምም» እያለ ታንከሩን በጎማ ቱቦ አሟጦ፣ የቀረውንም ሞተሩን አስነስቶ ጨርሶ እስኪጠፋ ያቃጥለው ነበር። እኛም በዚህ ጥንቃቄው እንኮራበት ነበር።

መስከረም ላይ ታዲያ መኪናዋ አመለኛ ሆና ትነሳለች። ቀስ ብለው ሲይዟት ደህና ናት፤ ድንገት ነዳጅ ሲሰጧት ግን ህቅ ብላ ቀጥ ትል ነበር። አንድ መስከረም ይኸው አመሏ ከመንደራችን ወደ ጅማው አስፋልት መውጫ ላይ መጣባት። እናቴ የጭነት መኪና ከሩቅ አይታ፣ እቀድመዋለሁ ብላ ስትረግጣት፣ ፒካፗ አስፋልቱ መሀል ገብታ ሞተሯ ጠፋ፤ ጡሩምባው ጆሮዬን ሰነጠቀው፣ ከባዱ መኪና ጎማው እየጮኸ መጥቶ በራችን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እናቴ ሞተሩን ደግማ አስነስታ ቀስ አድርጋ ወደ ዳር አወጣቻት።

አባቴ ሲሰማ «ትሸጥ! ሚስቴንና ልጄን ለብረት አልሰጥም» አለ። መኪናዋ ከተሸጠች እናቴ እንደ ድሮው ጎመኑን በጀርባዋ ልትሸከም እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ግን አልተከራከረችም፤ «መጀመሪያ ኦቦ ለሚ ይዩዋት» ብቻ አለች።

ኦቦ ለሚ ሰበታ ጋራዥ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተር ፈተው፣ ከውስጡ የደረቀች ቁራጭ ቆዳ አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩን።

«አየር ቀላል ነው፣ ስትረግጪው ሮጦ ይገባል፤ ቤንዚን ግን ይከብዳል፣ ወደኋላ ይቀራል። ድንገት እንግዳ መጥቶብሽ እንጀራው ቀርቦ ወጡ ገና ሳይሞቅ ሲቀር ማለት ነው። ይህቺ ቆዳ ያኔ ትንሽ ቤንዚን ገፋ አድርጋ ትጨምርለታለች። እሷ ራሷ ቤንዚን ካላገኘች ግን ደርቃ ትኮማተራለች። ለመሆኑ ክረምቱን እንዴት አከረማችኋት?»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ጫማውን አየ።

ቆዳዋ ዘይት ውስጥ ተነክራ ለስልሳ ተመለሰች። እናቴ «ገለቶማ፣ ኦቦ ለሚ» ብላ አመስግና፣ አባቴን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ያው መውጫ ላይ ስንደርስ መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቃ ረገጠቻት። ፒካፗ ተፈናጥራ ወጣች፤ አባቴ ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ «በስመ አብ!» አለ፣ እናቴም ሳቋ አመለጣት።

በቀጣዩ ሰኔ አባቴ ቱቦውን አላነሳም። መንሹን ይዞ፣ ያን ሁሉ ጭድ ወዲያ ማዶ ወዳለው የግቢው ጥግ ሲያጓጉዝ ዋለ። ያን ክረምት እናቴ በየሳምንቱ መኪናዋን እያስነሳች ነዳጅ ትሰጣት ነበር፣ እሱም ድምፁን ከቤት ሆኖ ይሰማ ነበር። ፍርሃቱን ሳይተው ለእሷ ሲል ስላደረገው ነገር እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አሁን የምነዳት መኪና ይህን ሁሉ በኮምፒውተር አስልታ ትጨርሰዋለች፤ ብረግጣት አታመነታም፣ ቆዳዋ ደረቀ ብሎ የሚጨነቅላትም የለም። እናቴን ጋቢና አስቀምጬ ወደ አስፋልቱ ስወጣ ግን፣ ቀኝ እግሯ ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ሲረግጥ አየዋለሁ።

«እማዬ፣ የምነዳው እኮ እኔ ነኝ» እላታለሁ።

«አውቃለሁ» ትለኛለች፤ «ትንሽ ልጨምርልሽ ብዬ ነው።»