ከሁሉቃ ወዲህ ያለ ጭረት

ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አምቦ በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ የጎረቤታችን የነጋዴው ውሻ የታላቅ እህቴን ክንድ ነካ። ደም ወጣ፤ ብዙ አልነበረም።

ዛሬም የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ፍሽ የሚለውን ድምፅ ከሰማሁ ክንዷ ይታየኛል። እህቴ ወዲያው ያንኑ ውሃ አፈሰሰችበት። በቀዩ መስመር ላይ ነጭ አረፋ ሲፈላ፣ "አየሽ፣ ቆሻሻውን እያወጣው ነው። ጭረት ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ጭረት የመጣው "ጫረ" ከሚለው ግስ ነው። ዶሮ መሬት ትጭራለች፤ ክብሪት ይጫራል። ላይ ላዩን ነክቶ ማለፍ ነው። እኛ ቤት ግን ቃሉ ሌላም ሥራ ነበረው። ጭረት ከሆነ ታጥበሽ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ። ንክሻ ከሆነ አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት የእብድ ውሻ መድኃኒት ትበጠብጣለች። ያንን የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም፤ ወንዝ መድኃኒቱን ያረክሰዋል ይባላል። ቤታችን ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። የእህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ደግሞ ሁለት ሳምንት አልቀረውም።

እሁድ ጠዋት አዳዳ ክንዷን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው።

"ኩን ማሊ?" አለች በኦሮምኛ፤ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

"ጭረት።"

"ጭረት ጥርስ አለው እንዴ?"

"አዳዳ፣ በድልድይ እኮ ነው የምሻገረው። እግሬ ውሃ አይነካም።"

"ድልድይ ስለሠሩለት ወንዝነቱን ተወ?"

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ነርሱ ቁስሉን በሳሙና ደጋግሞ አጠበና፣ "ከጥርስ ከሆነ ጭረትም ንክሻ ነው" አለን። መርፌው ያለው አዲስ አበባ ነበር። ውሻው አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን ስጋት እንደሌለ ነገረን። በቀጥታ ወደ ነጋዴው ቤት ሄድን። ውሻው የለም፤ እጃጂ ከተማ ያለውን መጋዘኑን እንዲጠብቅ በጭነት መኪና ተልኳል።

ከዚያ በኋላ እህቴ ብርጭቆ ባነሳች ቁጥር ሁላችንም ጉሮሮዋን እናይ ነበር። በእብድ ውሻ በሽታ የታመመ ሰው ውሃ ይፈራል ሲባል ሰምተናል።

"ምን ታፈጣላችሁ? ቲያትር ነኝ?" ትለንና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትጠጣለች። ከዚያ ጮክ ብላ ኬሚስትሪዋን ማንበብ ትቀጥላለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

አሥረኛው ቀን የፈተናው ዋዜማ ነበር። አባቴ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ እጃጂ ሄደ። አዳዳ የወቀጠችውን ሥር በጥብጣ፣ ጣሳውን መስኮቱ ላይ ከድና አስቀመጠች። መራራ ሽታው ቤቱን ሞላው።

"እሱ እስኪመለስ ብቻ ነው የምታገሥሽ፣ ልጄ" አለቻት። እህቴ መጽሐፏን አልገለጠችም።

አባቴ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ደህና ነው" አለ።

"ያበደም ቆሞ ይሄዳል" አለች አዳዳ። "ውሃ ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"ከሩቅ ነው ያየኸው?"

"ከእጄ ላይ ነው የጠጣው።"

አዳዳ ጣሳውን አንሥታ ወጣችና መድኃኒቱን አጥሩ ሥር ደፋችው። እህቴ መጽሐፏን ገለጠች።

አባቴ ለራት እጁን ሲታጠብ ውሃ ያፈሰስኩለት እኔ ነበርኩ። በቀኝ አውራ ጣቱ ሥር ጠዋት ያልነበረ ጭረት ነበር።