የምሳው ቁመትና የእናቱ ስለት

ሰቆጣ ውስጥ ስለ አጭሩ ልጅ ስለ ምሳው ቁመት አስተያየት ያልሰጠ ሰው ካለ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን መሆን አለበት። በትምህርት ቤቱ ሜዳ መረብ በሌለው ቅርጫት ሥር ሲሽሎከለክ አድጎ፣ ፍጥነቱን ያዩ ሰዎች ባሕር ዳር ላለ የቅርጫት ኳስ ክለብ ደመወዝተኛ አደረጉት። ሰፈሩ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብሎ ሳቀ።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል አልሳቁም። ጨዋታውን አይተውት አያውቁም፤ የሰሙት ረጃጅሞች የሚገፋፉበት መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ለገብርኤል ተሳሉ፦ «ልጄን ቁመት ጨምርለት፤ ጥላ አስገባለሁ።» ሃያ ያለፈው ሰው አይረዝምም ላላቸው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ ነበር። ምሳው በመጣ ቁጥር የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ይለኩታል። በከሰል የተሠመረችው ምልክት ግን ከቦታዋ ፈቅ አላለችም።

ክለቡም ቢሆን ከመቃኑ የተሻለ ዜና አልነበረውም። ምሳው አጭር አለመሆኑን ሊያሳይ ከረጃጅሞቹ በላይ ሲወረውር፣ የወረወረው ሁሉ እየተመታ ይመለሳል። አሰልጣኙ ንጋቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተጫዋች በሜትር መለካት የሚወድ ሰው ነው። «ለአጨዳው አገርህ ግባ፤ ስትመለስ አንድ ጨዋታ አሰልፍሃለሁ። ያው ከሆንህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው።

ምሳው ይህን ለእናቱ እንዴት ብሎ ይንገር? አፉን ዘግቶ የአባቱን ስንዴ ለመከመር ከወንፈሉ ጋር ወጣ። አባቱ አቶ ዓለምነህ ክምሩ ላይ ሆነው ይደረድራሉ፤ እሱ ከታች ነዶ ያቀብላል። ማቀበል ውርደት መስሎት፣ ነዶ ታቅፎ ወደ ላይ ሲንጠላጠል የተደረደረውን ናደው።

አባቱ ከላይ ሆነው አዩት። «ምን ያንጠላጥልሃል? እዚያው ሁን። እኔ እጄን ስዘረጋ ነዶው እጄ ላይ ይገኝ። ክምር የሚቆመው በአቀባዩ ነው።»

ምሳው እየተናደደ ያቀብል ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ግን የአባቱን ትከሻ አይቶ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክምሩ እስከ ጫፉ ተገጠመ። ልጁ ገለባውን ከፀጉሩ እያራገፈ ብቻውን ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነበር።

ባሕር ዳር በዚያች በተሰጠችው ጨዋታ አንድም ጊዜ ወደ ቅርጫቱ አልወረወረም። ረጃጅሞቹ እጃቸውን ሲዘረጉ ኳሱ እዚያው ይጠብቃቸዋል። አሸነፉ። ንጋቱ «ይህን ማን አስተማረህ?» ቢለው «ክምር ላይ ነው፣ ጋሼ» አለ። አሰልጣኙ ምንም አልገባውም፤ ሜትሩን ግን ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ምሳው ዛሬ የክለቡ አምበል ነው፤ አሁንም ከሁሉም ያጥራል።

ባለፈው ታኅሣሥ ለገብርኤል ንግሥ ሲመጣ፣ እናቱ ባለ ዘርፍ ጥላ ገዝተው ጠበቁት።

«እማየ፣ መቃኑን እዪው እንጂ። አንዲት ጣት አልጨመርሁም፤ ስለቱ አልሰመረም» አላቸው።

«ዝም በል። ቁመት ያልሁት እንዳይንቁህ ብዬ ነው። አልናቁህም። ገብርኤል ገብቶታል፤ አንተ ነህ ያልገባህ።»

ታቦቱ ሲወጣ ጥላውን «አንተው ያዝልኝ» ብለው ሰጡት። ምሳው ከታቦት ተሸካሚው ጎን ቆሞ ዘረጋው። በእግሩ ጣት ቢቆምም ዘርፉ ቄሱ ፊት ላይ እየወደቀ አስቸገረ። ሕዝቡ መሳቅ ሲጀምር፣ ከኋላ የቆመው ረጅሙ ዲያቆን ሰማኸኝ እጁን ዘረጋ። ገና ሳይናገር ጥላው መዳፉ ላይ ነበረ። ምሳው ዞሮ እንኳ አላየውም።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል እልልታውን አቀለጡት። ልጃቸው ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት የዚያን ቀን ነው።