የወንበራው ምሽግ ምድጃ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። «ጓዱ እስከ ስድስት ሰዓት ኮረብታውን ይያዝ» ይላል። ዘጠኝ ነበርን። እኔ ሃምሳ አለቃና የጓዱ መሪ ነበርኩ። ከወንበራዋ ደብረ ዘይት ከተማ ተነስተን፣ ጭቃው እያዳለጠን ወጣን። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምሽጉን ከነበሩት ተረከብን።

እኔ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩ፣ ሙቀት የለመድኩ ሰው ነኝ። የዚያ ኮረብታ የክረምት ብርድ ግን አጥንት ድረስ ይገባ ነበር።

ምሽጉ ውስጥ ከነዳጅ በርሜል የተሠራ ምድጃ አገኘን። የጭሱ ማውጫ የቆርቆሮ ቱቦ ሲሆን፣ ጣራውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ምድጃውን የያዘው አስር አለቃ ሙሳ ነው። ሙሳ የኩርሙክ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ነው። «እሳት አየር ይፈልጋል። አየር ከሌለ ጭስ ብቻ ነው» ይለን ነበር።

በየጠዋቱ አመዱን ይጠርጋል። እንጨቱን አቅጥኖ ይፈልጥና ዝናብ በማያገኘው ቦታ ደርድሮ ያደርቃል። ሲያቀጣጥል የምድጃውን የታችኛውን በር ይከፍታል፤ እሳቱ ሲይዝለት ጠበብ ያደርገዋል እንጂ አይዘጋውም። በየሳምንቱ ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ከቱቦው ጥቀርሻ ያወርዳል። ከዚያ ውጭ ወጥቶ ጭሱን ያያል። ቀጭን ከሆነ ዝም ብሎ ይገባል። ነጭና ወፍራም ከሆነ ይቆጣል። የምንዋጋቸው ታጣቂዎች ከማዶ ኮረብታ ላይ ነበሩ፤ ጭሱ ያለንበትን ያሳያቸዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ሙሳ ውሃ ሊያመጣ ወረደ። የመትረየስ ተኳሻችን ጌታሁን እሳቱ እንዳይጠፋ ብሎ እርጥብ ግንድ ጨመረ። ነጭ ጭስ ከጣራው በላይ ቆመ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተኩስ ተከፈተብን። አጸፋ መለስን። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ጌታሁን መትረየሱ ላይ እንዳለ ተመታ። ስደርስ አይኑን ገልጦ «እንጨቱ እርጥብ ነበር» አለኝ። ወዲያው ሞተ።

ቱቦው በጥይት ተበሳስቶ ወደቀ። ምድጃውን ማንደድ አልቻልንም፤ አራት ቀን ቀዝቃዛ በላን። በአምስተኛው ቀን ሙሳ ውጭ፣ ሸራ ሥር፣ በደረቅ ፍልጥ ትንሽ እሳት አነደደ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታደለና ከማል ከጥበቃ ተመለሱ። ልብሳቸው በስብሷል። ታደለ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መናገር አቃተው። ከማል ፍም በጣሳ ወደ ምሽጉ ይግባልን አለ።

ሙሳ የጥበቃ ተራው ደርሶ ነበር። ሊሄድ ሲል «ሃምሳ አለቃ፣ ፍም ይግባ። ግን በር መዝጋት አይሆንም» አለኝ።

የምሽጉ በር ሸራ ነው። ዝናቡ በዚያ በኩል እየገባ ልጆቹን ያረጥባል። ፍም አይጨስም፣ ምን ያደርጋቸዋል ብዬ አሰብኩ። «ሸራውን ዝጉና እረፉ» አልኳቸው። እኔም ከቀሩት ጋር የጎርፍ ቦይ ልቆፍር ሄድኩ።

አስር ሰዓት ላይ ሙሳ ተመለሰ። ሸራውን ገለጠና ጮኸ። ሮጠን ጎትተን አወጣናቸው። ደረታቸውን ተጫንን፤ በስማቸው ተጣራን፤ አልነቁም። ፊታቸው ላይ ምንም ጭንቀት የለም፤ የተኙ ይመስላሉ። ሙሳ አልወቀሰኝም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «ይሄ ጭስ አይታይም» ብቻ አለ።

ለቤተሰቦቻቸው «በግዳጅ ላይ ተሰዉ» ተብሎ ተነገረ። ውሸት አልነበረም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ሙሳን ይዤ ባምባሲ ሄድኩ። የታደለ አባት ኦቦ ደበላ ማድ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ተኝቶ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። አልነቃም።»

«በሩን ዝጉ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ኦቦ ደበላ ፊታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አዞሩ። ከማድ ቤቱ ውስጥ የባለቤታቸው ሳል ይሰማል፤ ጭሱ በበሩ ይወጣል። ወደዚያ አመለከቱ። «እሷም እዚህ ውስጥ ነው የምትውለው። ያ ሙሳ ያነድደው የነበረው ምድጃ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ሦስት ቀን ቆየን። ምድጃውን በጭቃና በድንጋይ ሠራን። ቱቦውን ከጣራው ጫፍ በላይ አሳለፍነው፤ የክዳኑን ሣር እንዳያቃጥል ዙሪያውን ሣሩን አንስተን በቆርቆሮ ከለልነው። ከግድግዳው አናት ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን መስኮት ተውን። ሙሳ ለእናቲቱ በየቀኑ አመድ ማውጣትን፣ ደረቅ ፍልጥ ጥቂት ጥቂት መጨመርን አሳያቸው። «ፍም እያለ ክፍሉን ዘግቶ መተኛት የለም፣ እናቴ» አላቸው። ኦቦ ደበላ ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በመጨረሻው ቀን አብረን ምሳ በላን።

ዘጠኝ ወጥተን ስድስት ወረድን። ጌታሁን በጥይት፣ ታደለና ከማል በእኔ ትእዛዝ ሞቱ። ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስለ ሦስቱም እነግራቸዋለሁ። ማንም ሳይተኩስ ሁለት ወታደር መሞቱ አይገባቸውም፤ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

የከማል እናት የሚኖሩት ድባጤ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ።