ጃፓንኛን ሶዶ ላይ ያስተማሩን ጋሽ ማቴዎስ

ጋሽ ማቴዎስ ብዙ ጊዜ ታመው ከቆዩ በኋላ ባለፈው እሑድ ማለዳ ሶዶ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው ቀብራቸው ላይ ለቆሙት ጎረቤቶቻቸው፣ እንዲሁም ፊታቸውን አንድም ቀን ሳያዩ በስልክ ከእሳቸው ጃፓንኛ ለተማሩ ሁሉ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ተማሪያቸውም ነበርኩ።

ጋሽ ማቴዎስ በአረካ መንገድ ዳር ጋራዥ የነበራቸው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ጃፓን አገር አገልግለው የሚመጡ መኪኖች ቁልፍ ሲዞር በሴት ድምፅ ጃፓንኛ ይናገራሉ። ባለመኪናው ሁሉ «ይህችን ሴትዮ ዝም አሰኙልኝ» እያለ ይመጣ ነበር። እሳቸው ግን «ምን እንደምትለን ሳንሰማ እንዴት ዝም እናሰኛታለን?» አሉና መማር ጀመሩ። ያኔ ሃምሳን ተሻግረው ነበር።

በከተማችን ጃፓንኛ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። በስልካቸው የትምህርት ቪዲዮዎችን አገኙ፤ ቀጥሎም በየአገሩ ያሉ ተማሪዎችና ጃፓናውያን ወደሚረዳዱበት የኢንተርኔት ቡድን ገቡ። እዚያ የጻፉትን ያርሙላቸዋል፤ እሳቸውም አማርኛ ለሚማሩት ያርማሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች «በዚህ ዕድሜህ ሀ ሁ?» ብለው ሲስቁባቸው፣ «እነሱም እንደኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ ነው የሚሉት፤ ምን አስቸገረኝ?» ይሉ ነበር።

እኔ በቅርብ ያወቅኋቸው በጭንቅ ቀን ነው። የሁምቦን ተራሮች ደን አይተው ሲመለሱ መኪናቸው የተገለበጠባቸው ጃፓናዊ ሽማግሌ እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። አስተርጓሚያቸው ራሱን ስቷል። ሽማግሌው ሕመሙ ሲጠናባቸው ከራሳቸው ቋንቋ በቀር ሌላ አልወጣቸው አለ። ጋሽ ማቴዎስን አስጠራናቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ግራሶ እንኳ በቅጡ ሳያስለቅቁ ደረሱ።

ከጃፓናዊ ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ጎንበስ ብለው፣ «ዶኮ ጋ ኢታይ ዴስ ካ? የት ያምዎታል?» አሏቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ያዙ። መርፌው ሲዘጋጅ ግን አንድ ቃል ደጋግመው መጮኽ ጀመሩ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ ይህን ቃል አላውቀውም። መገመት እችል ነበር፤ በሰው ነፍስ ግን አልገምትም። ትንሽ ይታገሱኝ።»

የሽማግሌውን ድምፅ ቀድተው ወደ ቡድኑ ላኩት። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ሁላችንም ዓይናችን ስልኩ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ከጃፓን አንዲት ሴት ደወለች፤ ከሽማግሌው ጋር ተነጋግራ ለጋሽ ማቴዎስ ቀለል ባለ ጃፓንኛ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው የሚጮኹት እንዲህ ያለው መድኃኒት ከዚህ ቀደም ሊገድላቸው ደርሶ ስለነበር ነው። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒቱን ለወጡ። ጋሽ ማቴዎስ ኮሪደር ላይ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

ሽማግሌው ድነው አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ እንዲያስተምሩን የለመንናቸው እኛ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ በጋራዡ፣ ራቅ ላሉት ደግሞ በስልክ ያስተምሩን ጀመር። ከዲምቱ ሆና በስልክ የምትማር አንዲት መምህርት ስህተት ፈርታ አልጽፍም ስትል፣ «ተሳስተሽ ጻፊ ልጄ፤ ያልተጻፈ ስህተት አይታረምም» አሏት። ዛሬ እሷም ታስተምራለች። በሕመማቸው የመጨረሻ ሳምንታት መናገር ሲደክማቸው እንኳ የላክንላቸውን አርመው ይመልሱልን ነበር። ጃፓንን ማየት ይመኙ ነበር፤ አልሆነላቸውም።

ጋሼ፣ ቀብርዎ ላይ በወላይትኛም በአማርኛም ብዙ ተብሎልዎታል። እኔ ግን ለመናገር እንባዬ አላስቻለኝም፤ ስለዚህ አሁን ልበልዎት። ጃፓኖች የቀኑን ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድን ባልደረባ የሚሸኙበትን ቃል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ኦትሱካሬሳማ ዴሽታ፣ ጋሼ። ብዙ ደክመውልናል፤ አሁን ይረፉ።