የኪሪባንዳ ምላስ

ባሌ ኪሪባንዳ ምላሱን የሚያምነውን ያህል እኔን አምኖኝ አያውቅም። እሱ ኪቱል ከሚባለው ዘንባባ አናት ላይ ወጥቶ ከአበባው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ ያወርዳል፤ እኔ አፈላዋለሁ፤ ሲወፍር በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ገልብጠን ሃኩሩ፣ ማለትም ጥቁር ስኳር እናደርገዋለን። ሠላሳ አራት ዓመት የኖርነው በዚህ ነው። ሌላው መንደርተኛ የሱቅ ስኳር ሲደባልቅበት እሱ አንዲት ቅንጣት ጨምሮ አያውቅም፤ ይህንንም ለመንገደኛው ሁሉ ሳይነግር አያድርም።

ያ ሁሉ ማንኪያ ሲልሱ መዋል ግን ስኳር በሽታ አመጣበት። ሆዱም ተቆዝሮ ዛፍ ላይ ሲወጣ ያለከልካል። የክሊኒኳ ዶክተር ኪኒን ሰጥታ፣ "አባባ፣ መቅመሱን ይተዉ፣ ክብደት ይቀንሱ፤ አለዚያ ይሄ በሽታ እግርዎን ነው የሚወስደው" አለችው። ስኳር በሽታን ያበርዳል ስለሚባለው፣ ማስቤዳ ስለምንለው የሐረግ ቅጠል ሲጠይቃት ደግሞ፣ "ከኪኒኑ ጋር፣ ደምዎን እየተለኩ ከሆነ እናያለን፤ ኪኒኑን አቁመው ግን እንዳይሞክሩት!" ብላዋለች። ጌታው ከዚህ ሁሉ የሰማው ቅጠል የሚለውን ብቻ ነው። ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ፤ እሱ ኪሱን ቅጠል ሞልቶ ቀኑን ሙሉ እንደ ፍየል ያመነዥካል።

አንድ ጠዋት ማንኪያውን ላሰና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ምንድን ነው? ውሃ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ማር የመሰለውን?"

"ምላስሽ ሞቷል፣ ቢሶ። እሳት ጨምሪበት፣ ይፍላ!"

አፈላሁት፤ አረረ። በማግስቱም እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን ዛፉ ተቀይሞናል አለ። ያስቀየምኩትም እኔው ነኝ፣ ከሥሩ ቆሜ ስለጮህኩ! በአራተኛው ቀን ከሱቅ ስኳር ገዝቶ መጣ። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

"ኪሪባንዳ! አንተ?"

"ምን ላድርግ? ጣዕሙ ጠፋ! ሰው ምን ይለኛል?" ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ከረጢቱን ልነጥቀው ስንታገል ቅጠሉ ከኪሱ ተበተነ። ምን ቢያገኝበት ነው ብዬ በንዴት አንዱን አንስቼ አኘክሁ። ከዚያ ማንኪያውን ላስኩ። እውነትም ውሃ! ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ቀመስኩ፤ አሸዋ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

"ዛፉ ምን አደረገህ? ምላስህን ያደነዘዘው ቅጠልህ ነው፣ አንተ ደረቅ!"

 ከዚያ ቅጠሉን ሰብስቦ ምድጃው ውስጥ ወረወረ። "ይቅርብኝ! ያለ ምላሴ እኔ ማን ነኝ?" ሲወረውር እንጨቱ ተናደና አንድ ፍም ተንከባሎ ባዶ እግሩ ላይ አረፈ። እሱ ስለ ምላሱ ያወራል። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ።

"እግርህ!" ብዬ ፍሙን በማማሰያው መታሁት።

ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። አልጮኸም፣ አላነሳውም። 

"አላመመህም?"

"አይ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እግርህ የደነዘዘው?"

ዓይኑን ከእግሩ አልነቀለም። "ካለፈው ዝናብ ወዲህ። ስወጣ ግንዱን መርገጤን በዓይኔ እያየሁ ነው የምረግጠው።"

ስንት ወር! በየቀኑ ያን ሁሉ ከፍታ እየወጣ፣ እኔ ከሥር ቆሜ ፍጠን እያልኩ ስጮህበት! ላንቀው ፈለግሁ፤ ግን አስቀምጬው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩለት፤ ወደ ክሊኒክ እስክንሄድም ኪኒኑን አውርጄ ሰጠሁት። ተቀብሎ ዋጠው።

ከዚያ ቢላውን ይዤ ዛፍ የሚወጣበት ገመድ ወደተሰቀለበት ሄድኩና መቁረጥ ጀመርኩ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንጀራችን እኮ ነው። እሱ ግን ገመዱ አልበጠስ ሲለኝ ተነሥቶ እያነከሰ መጣና ሌላውን ጫፍ ወጥሮ ያዘልኝ።