ሞት እንዳያገኘኝ የተሰጠሁበት ቤት

መጀመሪያ የሞተው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሲሪንቃ በላይ ካለችው መንደራችን ለማሽላ አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። ብዙም አልቆየም። የሱ ሐዘን ሳይወጣ እህቴ ተኛች፤ እሷንም ቀበርን። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም ነበር። በሬዎቹን ጠምዶ እርሻው መሀል ቆሞ ይቀራል። ክረምት ሲገባ እሱንም ያው ትኩሳት ጣለው። እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። ጥርሴን ገና መቀየር የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ።

ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም። መቃብር ቆፍረዋል፣ እህል አምጥተዋል፣ ከኛ ጋር አልቅሰዋል። ነገር ግን ከአባቴ ቀብር በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድሮ እሳት የጠፋበት ሰው ጠዋት ፍም ሊጭር ወደኛ ይመጣ ነበር። አሁን በራችንን አልፎ ከዚያ ወዲያ ካለው ቤት ይጭራል። አብራኝ የምትጫወተውን ልጅ በአጥሩ በኩል ስጠራት እናቷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ቀጥሎ ማን እንደሚሞት ይጠብቁ ነበር። እኛም እንጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ትዝ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳለቅስ እናቴ ሮጣ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘች።

«ዝም በይ! እዚህ ቤት ሰው እንዳለ አይስማ።»

ማን እንዳይሰማ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሞት እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም አላለቀሰችም። የሟቾቹንም ስም አታነሳም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡ። ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይቺን ለምን አታርቂያትም? የሌላ ሰው ትሁን። ስሟም ይለወጥ፣ ሞት እንዳያውቃት።»

«ምን ይላሉ እሜቴ? ለማን ልስጣት?»

«ልጆች ላደጉላት ሴት።»

እናቴ መርሳ ገበያ ላይ የምትወዳት አንዲት እስላም ወዳጅ ነበረቻት፤ በርበሬ ነጋዴ ናት። የወለደቻቸው ሁሉ አድገውላታል። በማግስቱ ማለዳ እናቴ እጄን ይዛ ወረድን። ከሴትየዋ ደጅ እንደደረስን እናቴ ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም። ያንቺ ናት።»

ሴትየዋ እናቴን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ እኔን ወደ ጉያዋ ሳበችኝ። «ቢስሚላህ። የኔ ናት» አለች። እናቴ ወዲያው ዞራ ሄደች። ዞር ብላም አላየችኝም።

አዲስ ስም ወጣልኝ። ሴትየዋን እማ፣ እናቴን ደግሞ እትዬ እንድል ተነገረኝ። እናቴ በየገበያው ትመጣለች፤ እንደማንኛውም ገዢ በርበሬውን አንስታ ታያለች።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» ትላለች፣ እኔን ሳታይ።

«የኔ ናት» ትላለች እማ።

እናቴ ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። ሕዝቡ መሀል እስክትጠፋ በዓይኔ እከተላታለሁ። ሞት ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ እሷን እንደሚከተላት ይሰማኝ ነበር። በገበያ ቀን ጠዋት መንገዱን ደጋግሜ አያለሁ፤ ባትመጣስ እያልኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ ጠፋ። መንገዱ ከደጋ በሚወርዱ ሰዎች ሞላ፤ አንዳንዶቹ ወደ ወልድያ፣ አንዳንዶቹ የት እንደሚሄዱ እንኳ ሳያውቁ ያልፋሉ። እናቴ ስትመጣ ነጠላዋ በላይዋ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። እማ ማሽላ ብትሰጣት አልቀበልም አለች። በሚቀጥለው ገበያ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ ቀረች።

«ተነሽ፣ እንሂድ» አለችኝ እማ።

መንደራችን ውሻ እንኳ አይጮህበትም። ግማሹ ቤት ተዘግቷል። እናቴን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት። አመዱ ቀዝቅዟል። ስታየን ደነገጠች።

«አትግቡ! ለምን አመጣሻት?»

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«ሞት ይዤባችሁ እመጣለሁ። ለልጆችሽ እፈራለሁ።»

«ያ አላህ! እህቴ፣ ሞት ባንቺ እጅ ነው እንዴ? በአላህ እጅ ነው። በይ ተነሽ።»

እማ አጎንብሳ ብብቷን ይዛ አነሳቻት። በቀላሉ ተነሳች፤ ክብደት አልነበራትምና። እየደገፍናት፣ እያሳረፍናት መርሳ ገባን።

ከጓዳ አጠገብ ያለችው ክፍል ተሰጠቻት። ትበላለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ነገር ግን ከእማ ልጆች አንዱ ባሳለ ቁጥር እንዝርቷ ይቆማል። እኔም እሷን እያየሁ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከመንገዱ የመጣች አንዲት ሴት ጎረቤታችን ታዛ ስር አድራ ሞተች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት፤ ሴቶቹ ታዛው ስር ተቀመጡ። የሚያለቅስላት ሰው ስላልነበረ ሁሉም አቀርቅሮ ዝም አለ። ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወንድሜን በስሙ ጠራችው። ቀጥላ እህቴን። ቀጥላ አባቴን፣ በሬዎቹን በሚጠራበት ድምፅ ሳይቀር። ደረቷን እየመታች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

«የሟቿ እህት ናት እንዴ?» አለች አንዷ።

«ተዋት» አለች እማ። «የራሷን እያለቀሰች ነው።»

እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ማንም አፌን አልያዘኝም። ሴቶቹ ነገሩን ሲረዱ ልቅሶው ለእናቴ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ንፍሮ እየያዘ መጥቶ ተቀመጠላት። እናቴም «ልጄ አጨዳ ሲሄድ እንዲህ ብሎኝ ነበር፣ ባሌ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር» እያለች ስትናገር ዋለች።

በማግስቱ ታዛው ስር ሌሎች ሰዎች ተኝተው አገኘናቸው። አንዱ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። እናቴ ውሃ ቀድታ ወደሱ ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት። እጄን ቀስ ብላ አላቀቀችና ሄደች። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ሳይለቀኝ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እሷ ግን ሰውየው አጠገብ ተቀምጣ ራሱን ቀና አደረገችና አጠጣችው።