የጋሽ ውብሸት እጅ

ዛሬ ጣና ዳር፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እያየ፣ የማከብራቸውን ሰው መሳቂያ አደረግሁ።

ሥልጠና ላይ ነበርን። ያለ ቃል መግባባትን እንድንለማመድ አሠልጣኟ ሁለት ሁለት አድርጋ ፊት ለፊት አቆመችን። አንዱ የሚያደርገውን ሌላው እንደ መስታወት መልሶ ያሳያል፤ መናገር ክልክል ነው። (እኔን ዝም ማሰኘት ራሱ ትልቅ ሥልጠና ነው።)

ለእኔ የደረሱኝ በዕድሜ ትልቃችን ጋሽ ውብሸት ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን ሲያነሡ ተንቀጠቀጠ። ሊያስቁን የፈለጉ መስሎኝ እኔም አንቀጠቀጥሁ። ሰው ሲስቅ ጊዜ ደግሞ አበዛሁት፤ እስከ ትከሻዬ ተርገፈገፍሁ።

እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነው።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ፤ እኔው ደብቄው ነው። ከጀመረኝ ቆይቷል። ለባለቤቴም አልነገርኋት።"

"ለሐኪምስ አሳዩት?"

"አላሳየሁም። ፈራሁ።"

"ነገ አብረን እንሂድ?"

"እሺ፣ ማለዳ ነይ" አሉኝ። "ማታውን ግን ለባለቤቴ ልንገራት።"

ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ የጻፍሁትም አስፈቅጄ ነው። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ግን ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

እናንተስ፣ በቀልድ ጀምራችሁ የሰው ቁስል የነካችሁበት ቀን አለ? በምን ካሳችሁት?